ፑልሳቲላ ቄጤማ አይደለችም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ይህን ያለው ሰው ደግ ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ግን አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ኖሮ አያውቅም። እዚህ ስም የሚያወጣው ፎርም ነው። ፎርሙ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፤ አንደኛው ያንተ፣ ሁለተኛው የቤተሰብህ። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም፤ ያለን አባት ነው። ምን ይደረግ? አባታችንን አንሥተን ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ከተትናቸው፤ ከዚያ ወዲህ የሚያወጣቸው አልተገኘም።

የኔ አባት ደስታ ይባሉ ነበር። አሰላ አጠገብ ተወልደው፣ አሰላ አጠገብ አርሰው፣ አሰላ አጠገብ ያረፉ ሰው ናቸው። ባሕር ተሻግረው አያውቁም፤ ተሻገሩ ቢሏቸውም እሺ የሚሉ አልነበሩም። ዛሬ ግን እዚህ ኢስተን ሰፈር አንድ ሆቴል ቀጥሯቸው የእንግዶች ሹፌር ሆነዋል። ከኤርፖርት ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት ሲመላለሱ ይውላሉ። አለቃችን ጠዋት ጠዋት «ሚስተር ደስታ» ብሎ ሲጣራ እኔ መኩሪያ እንደ ታናሽ ወንድማቸው ብቅ እላለሁ። ሳረፍድ የሚወቀሱት እሳቸው ናቸው። ባለቤቴ በአባቷ፣ እኔ በአባቴ፣ ልጃችን ሊዲያ ደግሞ በኔ ስለምንጠራ ሐኪም ቤት ሦስታችን አንድ ላይ ስንቀርብ ጸሐፊዋ መጀመሪያ የምትጠይቀን ዝምድናችንን ነው።

ይህን የማነሣው ለጨዋታ ማሟሟቂያ አይደለም። ተናድጃለሁ። ከፋሲካ ወዲህ እንደተናደድኩ አለሁ፤ ንዴቴ እንዲገባችሁ ደግሞ ስም ላይ ያለብኝን ቁስል ማወቅ አለባችሁ። አገር ቤት የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ፍጥረትን በየቤተሰቡ፣ በየወገኑና በየዝርያው እየለየሁ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁ። አዳም በገነት ከሠራው ሥራ ቀጥሎ የሚመጣው የኔ ሥራ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አሁን የምለየው ሻንጣ ነው፤ ጥቁሩን ከጥቁሩ።

ነገሩ የሚጀምረው ክሊንተንቪል የሚባል ሰፈር ቤት ከገዛን በኋላ ነው። ጎረቤታችን ሚስ ኤለን የሚባሉ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት ነበሩ። ባላቸው ካርል ካረፉ ቆይተዋል፤ የተቀበሩትም ዳኮታ በተወለዱበት መንደር ነው። እኚህ ካርል የገበሬ ልጅ ነበሩና አንድ ክረምት አባታቸው ከብት ከሚያሰማሩበት ኮረብታ ላይ የዱር አበባ ዘር ለቅመው፣ በመሀረብ ቋጥረው አምጥተው እዚህ ግቢያቸው ዳር ዘርተው ነበር። ከዚያ ኮረብታው ተሸጠና ታረሰ፤ አሁን አኩሪ አተር ነው። በኋላ ሚስ ኤለንም እርጅናው ሲበረታ ቤቱን ሸጠው ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ሆነ። ቤቱን የገዙት ሰዎች ደግሞ መጀመሪያ የሠሩት ሥራ ያንን መደብ በአስፋልት ሸፍነው ሁለተኛ መኪና ማቆም ነው። ዕድሜ ለሚስ ኤለን፣ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ፖስታ ዘር ሰጥተውኝ ነበር። «አንተ መምህር ነህ፤ ታውቅበታለህ» ነበር ያሉኝ። በዚህ አገር መምህር ብሎ የጠራኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ዘሩን ዘራሁት። ይህች አበባ ቸኩሎ ለሚኖር ሰው የተፈጠረች አይደለችም። የመጀመሪያው ዓመት ሁለት ቅጠል አሳይታኝ ተኛች። ሁለተኛው ዓመት ጥቂት ጨመረች። በሦስተኛው ዓመት፣ ማለት ዘንድሮ፣ በረዶው ገና ከጥግ ከጥግ ሳይለቅ ሐምራዊ ሆና ብቅ አለች። ቁመቷ ከስንዝር ብዙ አያልፍም። ብርድ ስለምታውቅ መላ አካሏ በለስላሳ ፀጉር የተሸፈነ ነው፤ ጋቢ የደረበች ትመስላለች። ሐምራዊውም እንደምታስቡት የአበባ ቅጠል አይደለም፤ እምቡጡን የሚሸፍነው ቅጠል ነው ቀለም የተቀባው። አበባው ሲረግፍ ግንዷ ይመዘዝና እያንዳንዷ ዘር ረዥም ላባ የመሰለ ጅራት ታበቅላለች። በጠቅላላው ሃያ አንድ ሥር ነበረችኝ። በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ቆጥሬአት ነው ቤት የምገባው።

ስሟስ? እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ተራው እንግሊዝኛ «ፓስክ ፍላወር» ይላታል። ፓስክ ማለት ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ሲሆን ፋሲካ ማለት ነው፤ በፋሲካ ሰሞን ስለምታብብ ነው። እርግጥ የነሱን ፋሲካ እንጂ የኛን አታውቅም፤ በነሱ አብባ በኛ ፀጉሯን አንጨብርራ ትቆያለች። እኔ ግን ይህን ሁሉ ማብራሪያ ትቼ፣ ጾሙ ሊገባ ሰሞን ቤታችን ለተሰበሰበ ሰው፣ ደረቴን ነፍቼ «ይቺ የምታዩዋት የፋሲካ አበባ ናት» አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ማንም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሏል እኔ ነኝ።

የሳይንስ ስሟ ደግሞ የባሰ ነው። የዕፅዋት ስም ከኛ ስም በተገላቢጦሽ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የወገኗ፣ ቀጥሎ የራሷ። የራሷ ፓተንስ ነው፤ በዚህ ጠብ አልነበረም። ጠቡ ማን ወገን ናት የሚለው ላይ ነው። አንዱ መጽሐፍ አኔሞኔ ፓተንስ ብሎ ይጽፋታል። ሌላው የለም፣ ዘራቸው ጅራት ያለው እህትማማቾች ለብቻቸው ወገን ናቸው ይልና ፑልሳቲላ ፓተንስ ያደርጋታል። ሦስተኛው ይመጣና የአሜሪካዋ ከአውሮፓዋ የተለየች ዝርያ ናት ብሎ ያንን የማንጣላበትን ስሟንም ይቀማታል። አሁን ደግሞ ዲ.ኤን.ኤ. አይተናል የሚሉ ወደ አኔሞኔ ትመለስ ይላሉ። እሷ ካለችበት ኮረብታ ፈቀቅ ብላ አታውቅም። መጥቶ ማን ልበልሽ ያላት አንድ ሰው የለም። እኔ በዚህ ክርክር የፑልሳቲላ ወገን ነኝ፤ በሕይወቴ በዚህ አገር በነጻ ፈቃዴ የመረጥኩት ወገን ይኸው ብቻ ነው።

እንግዲህ መጋቢት ላይ ሚስ ኤለን ደወሉልኝ። ሰኔ ላይ ልጃቸው በመኪና ዳኮታ ልትወስዳቸው ነው፤ ምናልባት የመጨረሻ ጉዟቸው ይሆናል። ከካርል አበባ ዘር አለ ወይ፣ መቃብራቸው ላይ ልዘራላቸው እፈልጋለሁ አሉኝ። ድምፃቸው ደከም ብሏል። አለ አልኳቸው። ዘንድሮ የመጀመሪያ ዘሬ ነው፤ ከኛ ፋሲካ በኋላ በሁለተኛው እሑድ ይደርሳል፤ ይምጡና ይውሰዱ ብዬ ቃል ገባሁ። አስቡት፤ ኮረብታው አኩሪ አተር፣ የሳቸው ግቢ አስፋልት፤ ከዚያች የዱር ዘር የተረፈው የኔ መኪና መግቢያ ዳር ያለው ሃያ አንድ ሥር ብቻ ነው።

ቀዳም ሥዑር ጠዋት ነው። ባለቤቴ ቀድማ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። እኔ ዓርብን ሠርቼ፣ ከዚያ ስግደቱን ደርሼ ስለነበር ወገቤ አልታዘዝ ብሎኝ አርፍጄ ተነሣሁ። አክፍያለሁ፤ ያከፈለ ሰው ሆዱም ትዕግሥቱም ባዶ ነው። ልማዴ ነውና ልቆጥራት ወጣሁ። የምቆጥረው የለም። ሃያ አንዱም ሥር ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ታጭዷል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አጋዘን ነው። የክሊንተንቪል አጋዘን ሰው አይፈራም፤ መንገድ የሚሻገረው እንደ ቤት ባለቤት ነው። ግን ጎንበስ ብዬ ሳይ አቆራረጡ ቀጥ ያለ ነው። አጋዘን ደግሞ መቀስ አይዝም። ቀጥሎ የጎረቤትን ሣር የሚያጭደውን ሰውዬ ጠረጠርኩ። ቀጥሎ አስፋልት አንጣፊዎቹን። መኪና ውስጥ ገብቼ እስከ ቤተ ክርስቲያን ድረስ የምከሰውን ሰው ሳማርጥ ሄድኩ። ደሜ ፈልቷል። ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ግን ሚስ ኤለንን «ይምጡና ይውሰዱ» ያልኳቸው ነገር ነው። ሰማንያ ዓመት ላለፈው ሰው «ለከርሞ» አይባልም።

ስደርስ ቄጤማ እየታደለ ነው። ወረፋው መጨረሻ ላይ ቆምኩ። አባ መስቀላቸውን አሳልመው የድርሻዬን እጄ ላይ አደረጉልኝ። ለሰለሰኝ። ቄጤማ ደግሞ አይለሰልስም። ዝቅ ብዬ አየሁ፤ ፀጉራም ናት፣ ላባ የመሰለ ጅራት አላት። ፑልሳቲላ ፓተንስ፣ ሦስት ግንድ፣ ካልበሰለ ዘሯ ጋር፣ ባርከው ሰጡኝ።

ሰው ቅኔ ማሕሌት ፊት ምን ብሎ ይጮኻል? አፌን ስከፍት ከሴቶቹ በኩል ባለቤቴ በዓይኗ ገላመጠችኝና በምልክት «እሰር» አለችኝ። አሰርኩ። እንግዲህ የተሰረቀ ንብረቴን ግንባሬ ላይ አስሬ፣ ሌባዬን በዓይኔ እየፈለግሁ፣ «ሰላም» እያልኩ ቆምኩ። ወረፋው መጨረሻ ላይ የነበርነው ሁሉ ያው ነን። ቆጠርኩ፤ ከኔ ጋር አሥራ አንድ ግንባር።

ሌባዬን ማግኘት አላስቸገረኝም፤ ራሳቸው መጡ። እትዬ ብርቄ ይባላሉ፤ የባለቤቴ አክስት ናቸው። ከሁላችን በፊት ኮሎምበስ የገቡ፣ ኢስተን ሆቴል ሃያ ዓመት አልጋ አንጥፈው ኒር ኢስት ሳይድ ላይ የራሳቸውን ቤት የገዙ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ የሴቶች ማኅበሩን የሚያዝዙ ሴት ናቸው። ቄጤማው ዘንድሮ የሳቸው ኃላፊነት ነበር። በየዓመቱ ከአበባ ሱቅ የሚመጣው ረዥም ሣር ዘንድሮ አንሶ መጣ። ጠዋት ባለቤቴን ሊወስዱ ቤታችን በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ፣ እሷ ነጠላዋን እስክትፈልግ ድረስ፣ ችግሩም መፍትሔውም ባንድ ጊዜ ታያቸው። መኪና ማቆሚያው ላይ ጠብቄ በክብር፣ ግን ጥርሴን ነክሼ፣ «እትዬ፣ የኔን አበባ ማን አጨደው?» አልኳቸው።

«እኔ ነኛ። ሣሩ ሾርት አደረገን፤ ታዲያ ሕዝቡ ባዶ ግንባሩን ይመለስ? ያንተ ደግሞ የፋሲካ ናት ብለኸናል። የፋሲካ ነገር ከፋሲካ ሌላ ምን ሥራ አለው?» አሉኝ።

ከዚህ ወዲያ ራሴን አላውቅም። አሥራ አራት ዓመት ያስተማርኩት ሁሉ ባንድ ጊዜ ጉሮሮዬ ላይ ወጣ። ባለ ግንባሮቹ ሁሉ ዙሪያችንን ከበዋል። አስተማርኳቸው። ቄጤማ አይደለችም አልኩ። ቄጤማ ባለ አንድ ክክ ነው፣ ይቺ ባለ ሁለት ክክ ናት፤ በቤተሰብም በሥርም አይገናኙም፤ ቄጤማን ከሷ ጋር ማዛመድ በግን ከዶሮ ማዛመድ ነው። ቤተሰቧ ራኑንኩላሴ ይባላል። እሺ፣ እሱ ደግሞ ምንድን ነው አሉኝ። ዘመዶቿን ብነግራችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ አንደኛው ጥቁር አዝሙድ ነው አልኩ።

ይህን ባልኩ ጊዜ ሕዝቡ ተንቀሳቀሰ። ጥቁር አዝሙድማ መድኃኒት ነው አለ አንዱ። ለራስ ምታት፣ ለጉንፋን፣ ለመተት ሳይቀር አለች ሌላዋ። እትዬ ብርቄ «አየህ?» ብለው የራሳቸውን ጠበቅ አደረጉ። አንድ ሽማግሌ ማይግሬን አለብኝ ብለው ግንባራቸው ላይ የነበረውን እስከ ጆሮ ግንዳቸው አወረዱት። እኔ ይበልጥ ነደድኩ፤ ነጥቤን ስተዋላ። ስለዚህ ሁለተኛውን ዘመድ ትቼ ወደ አኔሞኔና ፑልሳቲላ ክርክር ገባሁ። የአውሮፓዋንና የአሜሪካዋን ልዩነት ዘረዘርኩ። በዲ.ኤን.ኤ. ላይ ያለኝን ቅሬታ አሰማሁ። በመጨረሻ ፍቱና ዘሩን መልሱልኝ ብዬ ጠየቅሁ። ይህን ጊዜ ፊታቸው ተለዋወጠ። የተባረከ ነገር ነው፤ ከግንባር ተፈቶ ለሰው ይሰጣል እንዴ አሉኝ። ባለቤቴ ክንዴን ይዛ መኪና ውስጥ አስገባችኝ።

ያልተናገርኩት ሁለተኛ ዘመድ የአዞ ሐረግ ነው።

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ግንባሩን ይይዛል። የአዞ ሐረግን ቅጠል ጨምቆ ቆዳው ላይ ያሳደረ ሰው በማግስቱ ቆዳውን ሲፈልግ ይውላል፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። እርጥብ ፑልሳቲላም ያው ናት፤ ጭማቂዋ ይፋጃል። ይህን አውቃለሁ። መጽሐፉን አንብቤአለሁ፣ አስተምሬአለሁ፣ ስተክላት ጓንት አድርጌአለሁ። ከዚያ አሥር ሰው መሐል ቢያንስ ሰባቱ የአዞ ሐረግን ስም ቢሰሙ ቡራኬውንም ሳይጠብቁ ይፈቱት ነበር። እኔ ግን ጥቁር አዝሙድ ብዬ ቆምኩ። እንዲያውም ሁሉንም ስናገር የራሴ ግንባር ላይ እንደታሰረች ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ገደማ ግንባሬ ያሳክከኝ ጀመር። ንዴት ነው አልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ ብርቄ ኮል አደረጉ። «መኩሪያ፣ ግንባሬን እያቃጠለኝ፣ በርን እያደረገኝ ነው፤ ይሄ ነገር ኖርማል ነው?» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ሁለተኛው ዘመድ ትዝ ያለኝ። በልቤ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። ሊዲያ ስልኳን ከፍታ አንብባ ቀና አለችና «ዳድ፣ ኢት ሴይዝ ዶንት ታች ዘ ሳፕ። ዲድ ዩ ኖው ዚስ?» አለችኝ፤ ጭማቂዋን አትንኩ ይላል፣ ታውቅ ነበር ወይ ማለቷ ነው። አውቅ ነበር አልኳት። ስልኳን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች።

ለአሥሩም ደወልኩ። በሳሙናና በውኃ ታጠቡ፣ አትሹት፣ ቢብስባችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ አልኩ። እዚህ ላይ ብቆም ሰው እባል ነበር። አልቆምኩም፤ ዘሩን ግን እንዳትጥሉት ብዬ ጨመርኩ። ደግነቱ ከባድ ጉዳት አልደረሰም። ፋሲካን ግን አሥራ አንድ ሰው ግንባሩ ላይ ቀይ መስመር አስምሮ ዋለ፤ ወረፋው ላይ የት እንደቆመ ከሩቅ ይታወቅ ነበር። ከሁሉ የባሰው መስመር የኔ ነው፤ ረዥሙን ጊዜ አስሬው ነበርና።

ሰኞ በዓሉን ምክንያት አድርጌ ጓንቴንና ፖስታዬን ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። ይቅርታም ዘርም እጠይቃለሁ፤ የትኛውን እንደማስቀድም በየበሩ ሳስብ ነበር። ዘሩ ተገኘ። አንድም ሰው አልጣለውም፤ የተባረከ ነገር ቆሻሻ ውስጥ አይጣልማ። አንዷ ከሥዕሉ ሥር፣ አንዱ ዳዊቱ ውስጥ፣ ሽማግሌው ደግሞ ከማይግሬን ኪኒናቸው ጋር አስቀምጠውታል። የማይግሬኑ ነገር ተሽሎኛል አሉኝ፤ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ዘሩን ተቀበልኩ። መጨረሻ ላይ እትዬ ብርቄ ጋ ደረስኩ። በቅባት የሚያበራ ግንባራቸውን ይዘው በር ከፈቱልኝ። እኔ ደግሞ እስካሁን ያልበረደልኝ ነገር አለ፤ ሳይጠይቁ የሰው ግቢ ይታጨዳል ወይ ብዬ ልጀምር ስል ቀደሙኝ።

«ሳልጠይቅ ማጨዴ ጥፋት ነው፤ ይቅር በለኝ። አንተ ግን ሃያ ደቂቃ ቆመህ አስተማርከን። ‘ይፋጃል’ ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል፤ ጅራፉ ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አፈርኩ። እፍረቴም ወዲያው ሌላ ንዴት ሆነ። በዚህ የተነሣ ዘሬን ተቀብዬ በር ላይ ሳልሰናበታቸው ሄድኩ፤ መኪናዬ ዘንድ ደርሼ ተመልሼ ተሰናበትኳቸው።

ዘሩን ጥላ ላይ አደረቅሁት። ግማሹ ሳይበስል የታጨደ በመሆኑ ተጨማድዶ ቀረ። ከቀረው ደህና ደህናውን አንድ ባንድ ለቅሜ ስልሳ ያህል አገኘሁ። አዲስ ነጭ ፖስታ ገዛሁ። በጥቁር ሰሌዳ ዘመኔ በነበረኝ የእጅ ጽሑፍ፣ ቀስ ብዬ፣ «ፑልሳቲላ ፓተንስ» ብዬ ጻፍኩበት። በንዴት ሳምንታት ውስጥ ደስ ያለኝ ያን ሰዓት ብቻ ነው።

የቀጠሮው እሑድ ደረሰ። ሚስ ኤለን በልጃቸው ክንድ ተደግፈው መጡ፤ ሰውነታቸው አልቋል፣ ዓይናቸው ግን ያው ነው። እትዬ ብርቄም የዘሩን ባለቤት ካላየሁ አይሆንም ብለው መጥተዋል። የተፈጠረውን ሁሉ ምንም ሳልደብቅ፣ ጥቁር አዝሙዱንም ሳልተው ነገርኳቸው። እትዬ ብርቄ ጎንበስ ብለው «አይ አም ቬሪ ሶሪ፣ ማማ» አሉ። ሚስ ኤለን ተራ በተራ ግንባራችንን አዩ። ከዚያ ሳቁ፤ ልጃቸው ውኃ እስክታመጣላቸው ድረስ ሳቁ። ካርልም ልጅ ሳሉ ኮሮጆ ሙሉ ቀጥፈው፣ ጎንጉነው አንገታቸው ላይ አድርገው አንድ ሳምንት ታመው ነበር አሉን። ስልሳው ቀርቶ ሦስቱ ቢበቅሉ ይበቃኛል አሉ።

ፖስታውን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ይህ ምንድን ነው አሉኝ። ስሟ ነው አልኩ። እኛ በዚህ አንጠራትም፤ እዚያ እኛ አገር ክሮከስ ነው የምንላት አሉ።

ክሮከስ! እግዚኦ በሉ። ክሮከስ ሌላ ናት። ባለ አንድ ክክ ናት፣ በቤተሰብ የምታገናኛቸው አንዲት ነገር የለችም፣ ዘመድነቷ ከሳፍሮን ቅመም እንጂ ከዚህች አይደለም። አኔሞኔ ቢሏት እንኳ እከራከራለሁ እንጂ አልሞትም። ይህንኑ በትሕትና፣ ግን ከሥር ጀምሬ አስረዳኋቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ስጨርስ ፖስታውን ወደኔ መለሱት።

«ልክ ትሆናለህ፤ አንተ መምህር ነህ። ግን ካርል በዚህ ስም አያውቃትም» አሉኝ።

ምን ይባላል? በዚህ አገር መምህር ብሎ የጠራኝ አፍ ነው የተናገረው። እስክሪብቶ አወጣሁ። ፑልሳቲላን ሰረዝኩ። ፓተንስን ሰረዝኩ። ግንባሬ እየነደደ፣ በገዛ ጽሕፈቴ «ክሮከስ» ብዬ ጻፍኩ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አበው፤ እነሆ አንድ ስህተት በኔ እጅ ተጽፎ ዳኮታ ድረስ ሄዶ ቃል በቃል ከመቃብር በላይ ሊውል ነው። ሚስ ኤለን ፖስታውን ደረታቸው ላይ ያዙት፤ እኔም ዓይኔን ወደ ሌላ አዞርኩ፤ ያው ከንዴቴ የተነሣ ነው።

እትዬ ብርቄ ይህን ሁሉ አጠገባችን ቆመው ሲሰሙ ነበር። እንግዶቹ መኪናቸው ውስጥ ሲገቡ ጠጋ አሉኝ። ወደ መደቡ፣ እንደገና ማቆጥቆጥ ወደ ጀመሩት ሃያ አንድ ሥሮች በአሳብ ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፦

«ለመሆኑ ክሮከስ የምን በዓል ነው?»